አረንጓዴ ምልክት ያለበት ካርድ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፎታል። ዛሬም ኮምፒውተሬ ላይ ያማረ ውጤት ባየሁ ቁጥር ጭቃ የለበሰው የእትዬ ዲንቂቱ ቦቲ ትዝ ይለኛል። እያፈርኩም ቢሆን ልንገራችሁ።

ያኔ በመቱ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን እሠራ ነበር። ጥያቄዬ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመሩት ውስጥ እነማን ያቋርጣሉ የሚል ነው። ለዚህ የሚሆነው ስሌት ሰርቫይቫል አናሊሲስ ይባላል፤ እያንዳንዱ ሰው ሳያቋርጥ ስንት ቀን እንደቆየ ይቆጥራል። በአካባቢው ደግሞ ጎረቤታሞች ተራ ገብተው አንዱ የሁሉንም መድኃኒት የሚያመጣበት ማኅበር አለ። አባል የሆነ ሰው የካርዱ ሽፋን ላይ አረንጓዴ ምልክት ይደረግለታል። እኔም ምልክት ያለውን «አባል»፣ የሌለውን «አባል ያልሆነ» እያልኩ ሶፍትዌሩ ላይ ሞላሁ።

ውጤቱ አንጀት የሚያርስ ነበር። ከአባላቱ ያቋረጠ የለም ማለት ይቻላል። የጣቢያው ኃላፊ አይተው፣ «እንግዲያው በየገጠሩ ሰው ማዞር ምን ያደርግልናል? ሁሉንም ማኅበር እናስገባ» አሉ። የሚዞሩት እትዬ ዲንቂቱ ናቸው፤ የቀሩ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚመልሱ፣ በኮንትራት የተቀጠሩ ሴት። ሥራቸው እንዲቀር ከወረዳ ሰዎች ጋር ዓርብ ስምንት ሰዓት ስብሰባ ተቀጠረ። ለእርሳቸው ማንም አልነገራቸውም።

ዓርብ ጠዋት ከቆጠርኳቸው አንዱን ካርድ እንደገና ላመሳክር ካርድ ክፍል ገባሁ። እትዬ ከገጠር ተመልሰው የቦቲያቸውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃሉ።

«አከም ቡልተን፣ እትዬ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። አውጥቼ በእጄ የያዝኩትን ባለ አረንጓዴ ምልክት ካርድ አዩና ሳቁ።

«ይቺን? ሦስቴ ልትጠፋ ስትል፣ ሦስቴ ዳሪሙ ድረስ ሄጄ ያመጣኋት ናት እኮ። አሁንማ ማኅበር ገባችልኝ፣ ተገላገልኩ።»

«መቼ ገባች?»

«ስድስት ወር ሳታቋርጥ ከመጣች በኋላ ነዋ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ! ያለዚያ ማን ያስገባታል?»

ክው አልኩ። ማኅበሩ የሚቀበለው ስድስት ወር የጸናውን ብቻ ከሆነ፣ በመሀል የጠፋ ሰው ከየት መጥቶ አባል ይሆናል? እኔ ግን አባላቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አባል አድርጌ፣ ገና ሳይገቡ የቆዩትን ጊዜ ሁሉ ለማኅበሩ ሰጥቼዋለሁ። መምህራችን «ከጊዜ ጋር የሚለወጠውን ነገር ከተለወጠበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ» ሲሉ ደብተሬ ላይ እንኳ ጽፌዋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

የመግቢያው ቀን የሚገኘው እዚያው ክፍል ባለው የማኅበሩ መዝገብ ላይ ነው። እንዲያነቡልኝ እትዬን ለመንኳቸው። እርሳቸው ቀኑን ያነባሉ፤ እኔ እያንዳንዱን አባል ለሁለት መስመር እከፍላለሁ፣ ከመግባቱ በፊት አንድ፣ ከገባ በኋላ አንድ። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ይወርዳል።

«ምን አስቸኮለህ? ምሳ እንኳ ብላ እንጂ» ይሉኛል። እኔ የሚቀጥለውን ቀን እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ለስምንት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ስሌቱን አስኬድኩት። ያ ሁሉ ልዩነት ሟሟ፤ የቀረው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። እውነቱን ልናገርና፣ ለአፍታ ፋይሉን ዘግቼ የድሮውን ላቀርብ አስቤ ነበር። ማን ያውቅብኛል?

ስብሰባው ላይ ቆሜ «ያሳየኋችሁ ውጤት ስህተት ነው» አልኩ። የኃላፊው ፊት ጠቆረ።

«ስለዚህ ማኅበሩ አይረባም?»

«እሱን አላውቅም። እኔ ግን ቀድሞውንም የጸኑትን ሰዎች ይዤ፣ ማኅበሩ አጸናቸው ብያለሁ።»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የቤት ለቤቱ ሥራ እንዲቀጥል ተባለ።

ስወጣ እትዬ በረንዳው ላይ ቦቲያቸውን አጥልቀው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ኖፓ የሚባል ቦታ ሄደው የሚመልሱት የቀረ ሰው አለ።

«መዝገቡ ጠቀመህ?» አሉኝ።

«ገለቶማ፣ እትዬ» ብዬ አመሰገንኳቸው።

በእኔ ስህተት ሥራቸው ሊቀር እንደነበር እስከዛሬ አልነገርኳቸውም። ተመርቄያለሁ፣ ሥራም ይዣለሁ። የሚቆጠቁጠኝ ግን የዚያች የዳሪሙ ሴት ካርድ ነው። እትዬ ሦስት ጊዜ በጭቃ ሄደው የመለሷትን ሴት፣ እኔ እትዬ አያስፈልጉም ለማለት ማስረጃ አድርጌ ቆጥሬያት ነበር።