መጀመሪያ የማን ይቀየር?

ሰባተኛ ሰፈር ያለው ግቢያችን ቆጣሪው አንድ ነው። እኔ በርበሬና ሽሮ እፈጫለሁ፤ ከጎኔ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ በር የሚበይዱ ጋሼ አሉ። የመብራቱን ክፍያ ለሦስት እኩል እንካፈላለን። ክፍያው በመጣ ቁጥር ታዲያ አፌ አያርፍም። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ካውያ ቀኑን ሙሉ ሰክተሽ ልትፈጂን ነው እንዴ?» እላታለሁ፣ ደንበኛ ፊት ጭምር። እሷ አንገቷን ደፍታ «እሺ እትዬ» ትላለች። እኔ ደግሞ ጥፋቷን ያመነች ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ክፍያው ሲያንገሸግሸን ዕቁብ ጀመርን። ዳኛው ጋሼ ሆኑ። ዕቁቡ የደረሰው ሰው መብራት የሚበላ ዕቃውን ሊቀይርበት ተስማማን። ልብስ ሰፊዋ ግን ዕጣ ሳይወጣ ጋሼን ለመነቻቸው፤ የመጀመሪያው ለእሷ ይሰጣትና ለብቻዋ ቆጣሪ ታስገባበት። ለምን እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ከአፌ ልታመልጥ ነው። ደስ አለኝ እንጂ አላፈርኩም! «ትሂድልን፤ ያኔ ማን ሲፈጀን እንደኖረ እናያለን» አልኩ።

ጋሼ ግን «ዝም ብሎ መስጠት የለም። ይለካ፤ ብዙ የሚበላው ቀድሞ ይቀየር» አሉ። «ይለካ!» ብዬ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔው ነኝ።

ኤሌክትሪሺያን መጣ። ካውያውን ለካ፣ የብየዳውን ማሽን ለካ፣ ከዚያ ወፍጮዬን አስነሳሁለት። ሞተሩ የድሮ ነው፤ በተቃጠለ ቁጥር ምን አለሽ ተራ ወስጄ ሽቦውን እያስጠመጠምኩ ነው እዚህ ያደረስኩት። አዲስ መግዛት ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው መለኪያውን ደጋግሞ አየና «እትዬ፣ እነሱ በቀን የሚፈጁት ቢደመር የእርስዎን ሞተር አያህልም» አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! መለኪያህ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ለመሟገት ሞከርኩ። ሰውዬው መለኪያውን ወደ እኔ አዞረልኝ። ያ ሁሉ ደንበኛዋ ፊት የጮህኩባት ጩኸት አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

ጋሼ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ቀድማ የጠየቀች እሷ ናት፤ እምቢ ብትል የሚፈርድባት የለም። እኔ ብሆን ጉድ ነበር የማፈላው። እሷ ግን «ለእትዬ ይሰጣቸው፤ የእኔ ይቆይ» አለች፣ ቀና ብላም ሳታየኝ። ተቀበልኩ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ያ ለቁጣ ቃል አጥቶ የማያውቅ አፌ ተሳሰረ።

አዲሱ ሞተር ገባ፤ ክፍያውም እውነትም ቀነሰ። የዚያን ዕለት ልብስ ሰፊዋ ደጄ ድረስ መጣች። ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ለሁላችንም ነው ያቀለሉልን። እኔም ለብቻዬ ቆጣሪ ማስገባቱን ትቼዋለሁ» አለችኝ። ሽሙጥ እንዳይሆን ብዬ ዓይኗን አየሁት፤ ከልቧ ነው። ይቅርታዬን አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው?

«ምንም አይደል፣ ልጄ» አልኳት።