ዝዝ የሚለው ጊታር

እህቴ ልታገባ ወር ሲቀራት ክፍሌ ብቅ አለችና፣ «ለሠርጌ የምትጫወተው በራስህ ጊታር ነው። የሰው ጊታር ተውሰህ ብትመጣ ከዳሱ አላስገባህም» አለችኝ። እየሳቀች ነው የተናገረችው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ለሠርግ በተጠራሁ ቁጥር የጓደኛዬን ጊታር የምዋሰው ወድጄ አልነበረም፤ የራሴ የኤሌክትሪክ ጊታር ዝዝ ስለሚል ነው። በድምፅ ማጉያ ሲወጣማ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ጢንዚዛ ነው የሚመስለው።

ጥፋቱ የፍሬቶቹ ነው። ፍሬት የምንላቸው በጊታሩ አንገት ላይ አግድም የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች ነው፤ ክሩን በጣት ስንጫነው የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ዓመት በገፋ ቁጥር ክሩ ብረቱን ይበላዋል። የእኔ ደግሞ እኩል ቢበላ ምን ነበረበት! ዘፈናችን አምስት ድምፅ ይዞ ነው የሚዞረው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ባቲ ቅኝትን ከአንድ ቦታ ሳልነቃነቅ ስጫወት ኖሬያለሁ። አንዱ ፍሬት ጎድጉዷል፤ አጠገቡ ያለው ግን ማንም ስላልነካው ከፋብሪካ እንደወጣ ቁጭ ብሏል። ክሩ የተበላው ላይ ሲያርፍ ከፍ ያለውን ጎረቤቱን ይነካና ዝዝ ይላል። እህቴ ከግድግዳው ማዶ ነው የምትተኛው። ስለማመድ ቆይቼ ሳበቃ ግድግዳውን ደብ ደብ ታደርግ ነበር፤ ምርር ብሏት ነው ብዬ አስብ ነበር።

በከተማችን በከሚሴ ውስጥ ጊታር የሚጠግን ሰው አላገኘሁም። አዲስ አበባ ላከው ያሉኝ ነበሩ፤ ሠርጉ ሳያልፍ ይመለሳል ብሎ ማን ያምናል? ራሴው ልሠራው ቆረጥኩ። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ክሮቹን ታወጣለህ፤ እንጨቱን በፕላስተር ትሸፍናለህ፤ የፍሬቶቹን አናት በማርከር ታጠቁራለህ። ከዚያ ቀጥ ያለ ነገር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፈህ ከላይ እስከ ታች ትፈገፍጋለህ። ጥቁሩ ከሁሉም ላይ ሲጠፋ እኩል ሆኑ ማለት ነው። የቀረው አናታቸውን በትንሽ ሞረድ መልሶ ማድቦልቦል ነው። ለቀጥታው የግንበኛ ጎረቤታችንን ውሃ ልክ ተዋስኩ።

ሲወራ ነው ቀላል ያልኩት። የምሠራው በረንዳ ላይ ነው፤ በረንዳችን ደግሞ ወደ መናኸሪያ የሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በእኛ አገር የተቀመጠ ሰው እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

«አካም ቡልቴ? ነጋያ?» ይለኛል አላፊው፤ እንዴት አደርክ፣ ሰላም ነው? ማለቱ ነው።

«ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እናትህስ ደህና ናት? ከብቶቹስ?»

«ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።»

ከብት የለንም። ግን የለንም ብሎ ማስረዳት ሌላ ወሬ ይከፍታል። እጅ ሳይሳሳሙ መለያየት ደግሞ አይታሰብም፤ ስለዚህ ውሃ ልኩን አስቀምጬ፣ የጠቆረ እጄን ጠርጌ፣ ተነስቼ እሳሳማለሁ። ተመልሼ ስቀመጥ የት ላይ እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ያን ስፈልግ ሌላ ሰው ብቅ ይላል። የሰንበቴ ከተማ ገበያ በሚውልበት ቀንማ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የአገሩ ሰው ሁሉ በእኔ በረንዳ በኩል ነው ያለፈው።

አንድ ከጨፋ ሮቢት የመጡ ሽማግሌ ቆም አሉና፣ «ማል ሆጄታ? ምን እየሠራህ ነው?» አሉኝ።

«ብረት እየሞረድኩ ነው፣ አባባ።»

«ማሻአላህ!» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ሞረዱ ለማጭድ አይሆንም ብላቸውም፣ «አብሽር፣ ቀስ ብለህ ሞክረው» ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ምን ይደረጋል? ሞረድኩላቸው። ያቺ ሞረድ ከዚያ ወዲህ ብረት መንከስ ትታለች። አንጀቴ እያረረ ሌላ ፈልጌ ገዛሁ።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ፣ ፕላስተሩን ያነሳሁ ዕለት ሰግጄ ስወጣ እናቴ ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ አንገቱን በቅቤ ታሸዋለች።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንጨቱ በሙቀቱ ደርቆ አሳዘነኝ ልጄ። አየኸው፣ እንዴት እንደጠጣው?»

እውነትም ጠጥቶታል። ከሰዓት በኋላ የከሚሴ ጉንዳን በሙሉ ዘመዱን ጠርቶ ጊታሬ ላይ ሰፍሯል። በእናት ላይ አይጮህ ነገር! ጓሮ ሄጄ ለግንቡ ጮህኩለት።

ብቻ በሠርጉ ዋዜማ ተጠናቀቀ። ክሩን ወጥሬ ሁሉንም ፍሬት እየረገጥኩ ሄድኩ፤ አንድም ዝዝ የለም። እንዲህ ጥርት ያለ ባቲ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። እህቴ ለሠርጉ ዝግጅት አክስታችን ቤት ከገባች ሰንብታለች፤ ስለዚህ ድንገት ላሰማት ነው ያሰብኩት።

በማግስቱ ሚዜዎቹ መጥተው ዳሱ በጭብጨባ ሲሞላ ጀመርኩ። ጊታሩ እንደ ምንጭ ውሃ ይፈሳል። ቀና ብዬ ሙሽራዋን ባያት ፊቷ ጠቁሯል። በጣቷ ጠራችኝ።

«የራስህን ይዘህ ና አላልኩህም?»

«የራሴ ነው!»

«አትዋሸኝ። ያንተማ ዝዝ ይላል።»

ደሜ ፈላ። «ራሴ ጠገንኩት እኮ! እጄ እስኪላጥ የፈገፈግኩት ለማን ብዬ መሰለሽ? ግድግዳ እየደበደብሽ አልነበር?»

«ስታቆም ነው የምደበድበው» አለች። ኩሏ መርጠብ ጀመረ። «ልጅ ሆኜ ጨለማ ስፈራ ያ ዝዝታ ሲሰማኝ ‹ወንድሜ አለ› ብዬ እተኛ ነበር። ስታቆም እንድትቀጥል ደብ ደብ አደርጋለሁ። ዛሬ እሱን ሰምቼ ልሂድ ብዬ ነበር።»

የሠርጉ ሰው ይጠብቃል። እኔ መናደዴንም ማልቀሴንም አላወቅኩም። ለሙሽሮቹ ከተበተነው ከረሜላ የአንዱ ልጣጭ እግሬ ሥር ወድቆ አየሁ። አነሳሁት፤ አጠፍኩት፤ ከክሮቹ ሥር ሰካሁት። ክሩን መታሁት።

ዝዝዝ።

ማጉያውን የያዘው ሰውዬ «ኧረ ተበላሸ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። እህቴ ኩሏ ጉንጯ ላይ እየወረደ ሳቀች። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ የእጅ መሳሳም፣ ማጭዱ፣ ቅቤው፣ በአንዲት የከረሜላ ልጣጭ ተሻረ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! እየተነጫነጭኩ ሳላቋርጥ ተጫወትኩላት።

መኪና ውስጥ ስትገባ በመስኮት እጇን ዘረጋች። «ልጣጩን ስጠኝ።» አውጥቼ ሰጠኋት፤ መዳፏ ውስጥ ጨብጣው ሄደች።

አሁን ጊታሬ ጥርት ብሎ ይጫወታል። ሳቆም ግን ግድግዳውን የሚመታ የለም።