በካሴቱ ውስጥ የሚጮኹት ሴቶች

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ልጄ በስልኳ የድሮ ሙዚቃ ከፍታ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ አይመርጥም። አንድ ዘፋኝ ጀመረ። ወዲያው ሕዝቡ ጮኸ። ያን ጩኸት አወቅሁት። ተነሥቼ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ አምበር በምትባል የገጠር ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ገና ጎረምሳ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የታላቅ ወንድሜ የታደለ ሚስት ደብረ ማርቆስ ላይ አረፈች። ታደለ አናጢ ነበር። ቀብሯ ላይ አላለቀሰም፤ ከዚያም በኋላ አላለቀሰም። ሲያናግሩት «እሺ» ይላል፤ እህል ሲቀርብለት ቆረስ አድርጎ ይተወዋል። እኔም በየቅዳሜው የተገኘው ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጭቃውን አልፌ፣ ኑግ ማበብ የጀመረበትን ማሳ እያየሁ ወደ እሱ እመጣ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቦርሳዬ ውስጥ ካሴት ነበረኝ። ያዋሰኝ ባልደረባዬ፣ ጥቁር አሜሪካዊ መድረክ ላይ ሲዘፍን እዚያው የተቀዳ ነው፣ ሶል ይሉታል ብሎኛል። አርባዋ ባልወጣ ሴት ቤት ዘፈን ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር። ታደለ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ጓዳ ገባሁና ቴፑን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት።

ሰውየው መጀመሪያ የሚያወራ ይመስላል። ከዚያ አንዲት ቃል ይይዝና ይመላልሳታል፤ ድምፁ ይሰበራል፤ ሴቶቹ ይጮኻሉ። ጆሮዬን ባስጠጋም አንድም ቃል አልያዝኩ። ለተማሪ ግሥ የማረባው እኔ!

ቀና ስል ታደለ በሩ ላይ ቆሟል። እጄን ወደ ቴፑ ሰደድኩ።

«ተወው» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ልዝጋው ወይስ ልተወው? ግራ ገብቶኝ ስቆም የሟቿ እናት፣ እማሆይ ጥሩነሽ፣ ቅቅል ድንች ይዘው ገቡ። እርግማን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሳህኑን አስቀምጠው አዳመጡ። ሴቶቹ እንደገና ጮኹ።

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እኔ እንጃ፣ እማሆይ።»

«አንተ የፈረንጅ አፍ አስተማሪ አይደለህ? ምን እያለ ነው የሚያለቅሰው?»

ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

«ሴት… ሄዳበት ነው መሰለኝ» አልኳቸው።

«ነፍስ ይማር!» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ታደለ አጠገብ ተቀመጡ። ዘፋኙ ፋታ ሲወስድ እሳቸው ደረታቸውን እየደቁ የልጃቸውን ስም ጠሩ፤ የካሴቱ ሕዝብም ተቀበላቸው። ያን ጊዜ ታደለ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እኔም የማለቅሰው ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስኩ። ካሴቱ ሲያልቅ ታደለ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ድንች አነሣ፣ ላጠ፣ በላ።

«አባባ፣ ምነው?» አለችኝ ልጄ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስታየኝ።

«እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው የሚጮኹት?»

«ደስ ብሏቸው ነዋ! ኮንሰርት እኮ ነው። ሲስቁ አይሰማዎትም?»

እውነቷን ነው፤ ይስቃሉ። ያኔ ሳቁን ከሦስታችን አንዳችንም አልሰማንም። ታደለም እማሆይም ዛሬ የሉም፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ተሳስተን ነበር እንዳልል ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በልቷል። ደግማ እንድትከፍትልኝ ለመንኳት። ሳቁ አለ፤ ለቅሶውም አለ። የቱ የቱን እንደሚያስከትል ግን እስካሁን መለየት አቅቶኛል።