ውድድሩን የሚከፍተው ፈረስ

ጋሽ ይስማው ጠዋት ጠዋት ከክፍላቸው ሲወጡ ጫማቸውን ያወልቁና በግቢያችን ጥግ ያለውን ሣር በተረከዛቸው ይጫኑታል። ቶሎ ቀና ካላለ፣ "ዛሬ አያስሮጥም" ይላሉ። ነቀምቴ ውስጥ ፈረስ ሊያስሮጥ ያሰበ የለም።

በልጅነታቸው ከወሎ ሰፋሪዎች ጋር ኪራሙ ገቡ። እዚያ በየዓመቱ ከመስቀል ማግስት የፈረስ ግልቢያ ነበር። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም፤ ሰፋሪውም ፈረስ ሲገዛ ገባበት። ሽልማቱ ከመስኩ የታጨደ የእርጥብ ሣር ጉንጉን ብቻ ነው። በዋዜማው አንድ የአገሬው ሽማግሌና አንድ ሰፋሪ መስኩን በባዶ እግራቸው ይዞራሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ፈረስ አይሮጥም። ሩጫውን ደግሞ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ፈረስ ይከፍተዋል።

ለብዙ ዘመን የዞሩት ከአገሬው ኦቦ ጆቴ፣ ከሰፋሪው ጋሽ ይስማው ናቸው። ኦቦ ጆቴ ጋሽ ይስማውን እንደ አገሩ ወግ በፈረሳቸው በዳማ ስም ይጠሯቸዋል።

"አባ ዳማ፣ ድንጋይ የለመደ የወሎ ተረከዝ ስለ ጭቃ ምን ያውቃል?"

"ኦቦ ጆቴ፣ የእርስዎ ደግሞ ጭቃውን ሁሉ ቅቤ ነው የሚለው!"

የመጨረሻውን ጉንጉን ዳማ ወሰደ። ከዚያ ተኩሱ መጣ። ጋሽ ይስማውና ባለቤታቸው እትዬ ሸዋጌጥ ዳማን ለኦቦ ጆቴ ትተው በጭነት መኪና ወደ ነቀምቴ ሸሹ። ቆይቶ ኦቦ ጆቴ ሞቱ ተባለ፤ የፈረሱን ነገር የሚያውቅ ጠፋ።

ጋሽ ይስማው መናኸሪያ እየሄዱ ከኪራሙ የመጣውን ሁሉ ስለ ዳማ መጠየቅ ያዙ።

"ሰው አልቆ ፈረስ ይጠየቃል?" ይላሉ እትዬ ሸዋጌጥ።

"ዳማ ካለ መስኩ ይከፈታል።"

ሰሞኑን መናኸሪያ መሄድ ተዉ። የግልቢያውን ታሪክ ልጽፍ ስጠይቃቸው ሁሉንም ነገሩኝ። "ዳማ እዚያው መስኩ ላይ ሞተ ብለሽ ጨርሺው፤ የገበያውን ነገር ግን ተይው" አሉኝ።

መናኸሪያ መሄድ ሳይተዉ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ዳማ እዚሁ ነቀምቴ ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ እየጎተተ ዳገቱን ወጣ። ትከሻው ቆስሏል። ጋሽ ይስማውን ሲያይ ቆመ፤ ጆሮውን አቅንቶ አሽካካ።

"አባባ፣ ያውቁታል እንዴ?" አለ ባለጋሪው።

ጋሽ ይስማው ማሰሪያ ደጅ የላቸውም፤ የሚያበሉትም የለም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

"አላውቀውም" አሉ።

አለንጋው እስኪያርፍበት ድረስ ዳማ ከቆመበት አልተነቃነቀም።