ባዘቶ የተወተፈበት ታንኳ

ገበያነሽ ታንኳው ውስጥ ተንበርክካ ለመፍተል ይዛው የመጣችውን ባዘቶ፣ ውሃ በሚገባበት ክፍተት ሁሉ በደነዘዙ ጣቶቿ ትወትፍ ነበር። የቀጨኔ ጥጥ ፈታይ ናትና ሌላ መላ አልመጣላትም።

አባቷ አቶ ይገዙ የጣና ሰው ናቸው። በ1973 ኅዳር፣ የቀበሌ ስብሰባ በሌለበት እሑድ፣ ከባሕር ዳር በጭነት መኪና ባስመጡት ደንገል ታንኳ ሠርተው ወደ ገፈርሳ ግድብ ወሰዷት። «ልጄ እንደኔው ውሃ አትፈራም» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ስላወሩ፣ እሳቸውን ላለማሳፈር ስትል ሦስት ሹራብ ደርባ ተሳፈረች። እንደ በረዶ የቀዘቀዘው ውሃ መቀመጫዋን ሲያርሰው ግን ያ ሁሉ ጀግንነት አብሮ ራሰ።

«አባባ፣ ሰመጥን!»

«ታንኳ ድስት መሰለሽ እንዴ? ውሃ ያስገባል እንጂ አይሰምጥም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጥጥ ስጨርስ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እጅሽ ሥራ ሲይዝ ጩኸትሽ ቀነሰልኛ!»

ከዚያ ወደ ዳር ቀዘፉና «በይ፣ ሁለተኛውን መቅዘፊያ ከሣሩ ላይ አምጪ፤ አሁን አንቺ ትቀዝፊያለሽ» አሏት።

«እሺ አባባ» ብላ እንደ ሚዳቋ ዘለለች። ሹራቦቿን አንድ በአንድ እየጨመቀች፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ስትል ረፈደ። አቶ ይገዙ ተጣርተው ተጣርተው ብቻቸውን ቀዘፉ፤ መቅዘፊያው ከሣሩ ላይ አልተነሣም።