እንዳታየን ብቻ

ልጄ ሄለን መንጃ ፈቃድ ባወጣች በሳምንቱ ብቻዬን ልንዳ አለችኝ። «አምንሻለሁ» ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ ሰጠኋት። ከግቢ እንደወጣች ግን ሮጥ ብዬ ካዛንቺስ አስፋልት ዳር ከቆመ ላዳ ታክሲ ኋላ ወንበር ገባሁ።

«ያቺን ነጭ ቪትዝ ተከተላት» አልኩት ሹፌሩን። ልጄን እየሰለልኩ ነው ማለት ስላሳፈረኝ፣ «እንዳታየን ብቻ» ብዬ ጨመርኩበት።

ሹፌሩ በስፖኪዮ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ልጅቷ ስንት ይሆናታል?» አለ።

«አሥራ ስምንት።»

ስፖኪዮውን ወደ እኔ አዙሮ መንዳቱን ቀጠለ። ፍሬቻ ሳታሳይ በታጠፈች ቁጥር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ።

መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ በር ላይ ስታቆም፣ የኔ ሹፌር ሄዶ ጎኗ ተለጠፈ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ «እህቴ» አላት፣ «እኚህ ሰውዬ ከካዛንቺስ ጀምሮ እየተከተሉሽ ነው። ታውቂያቸዋለሽ?»

ሄለን ጎንበስ ብላ ረጋ ብላ አየችኝ።

«አውቃቸዋለሁ» አለችው። «ቅድም ‹አምንሻለሁ› ብለው ቁልፍ የሰጡኝ ሰውዬ ናቸው።»