ባሻ ይመር ሲውጡ ፊሽካ ይነፋል

ሥራ በጀመርሁ ቀን ባሻ ይመር መጀመሪያ የጠየቁኝ «መዋኘት ትችያለሽ?» ብለው ነው። ያውም መካነ ሰላም ላይ! የምንጠጣው ውኃ እንኳ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ዘመን።

«እኔ ያየሁት ትልቅ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱንም ከገደሉ አፋፍ ሆኜ» አልኋቸው።

«ስምሽስ ማነው?»

«ዘነቡ።»

«በዚህ ድርቅ ዘነቡ! በይ ግቢ፣ ምናልባት ይቀናን ይሆናል።»

በዚህ ሁኔታ ተቀጠርሁ።

ባሻ ይመር ዕድሜያቸውን ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የጨረሱ የበታች ሹም ነበሩ። የበታች ሹም ማለት፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ከመኮንኑ በታች ከመርከበኛው በላይ ቆሞ ከሁለቱም ወገን የሚረገም ሰው ነው። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ ድርቁ ጠበቃቸው። ከወግዲም ከከላላም በእግሩ ለመጣው ረኃብተኛ ከከተማው ዳር መጠለያ ተሠርቶ ስለነበር፣ «ሰው ማስተዳደር ያውቃሉ» ተብለው እሱን እንዲመሩ ተሰጣቸው።

እሳቸውም መርከብ አደረጉት። የቆርቆሮውን አዳራሽ «መርከቡ»፣ እኛ የምንሠራበትን ወጥ ቤት «የሞተር ክፍል» ይሉታል። ደወላችን ግራሩ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። ወለሉን በቀን ሦስት ጊዜ ያስጠርጉናል።

«ባሻ፣ አፈር እኮ ነው፤ ቢጠረግም ከሥሩ የሚወጣው አፈር ነው» ብላቸው፣

«እሱም ተራው ነው፣ ንጹሕ ሆኖ ይውጣ» አሉኝ።

እኛ የምንሠራው የዱቄትና የወተት አጥሚት ነበር። ለሁለት በተቆረጠ በርሜል እናፈላዋለን፤ ማማሰያችን ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ሰዉ አጥሚቱን ፈራው። ወተት ዱቄት ሆኖ በጆንያ ሲመጣ ማን ያምናል? እስላሙ «የምን ወተት ይሆን?» ይላል፣ ክርስቲያኑም «የምን ይሆን?» ይላል። በዚህስ አንድ ነበሩ።

ባሻ የመርከቡን ደንብ ያመጡት ያኔ ነው። መርከብ ላይ ለመርከበኛው የተሠራ ምግብ ሹሙ ሳይቀምሰው አይወጣም። እናም በየማደያው ሰዓት በርሜሉ ፊት ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ እኔ በጭልፋ ቀድቼ እሰጣለሁ፤ ሰዉ ሁሉ ጉሮሯቸውን እያየ ይውጣሉ። ይመር የሚባል ስም በእኛ አገር የእስላምም የክርስቲያንም ነውና ሁለቱም ወገን አመናቸው። ሲውጡ ፊሽካ ይነፋል፤ ፊሽካ ሲነፋ ጭልፋ ሁሉ ይነሣል። ከፊሽካ በኋላ ማደሉን የሚያስቆም የለም፤ ደንብ ነው። እሳቸው ራሳቸው የሚበሉት ከሁሉም ኋላ፣ በርሜሉ ሲፋቅ ነው።

ወር ሳይሞላኝ ፊሽካውን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ።

«እኔ በሌለሁበት ሹሟ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ከላይ የማይሆን ትዕዛዝ ከመጣብሽ ‹እምቢ› አትበይ። ‹አቤት› በይና ደንቡን አስታውሺ።»

ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ጥቂት እንደቆየን፣ ባሻ ከከላላ መንገድ ላይ የተሰበረውን የእህል መኪና ሊያዩ ሄዱ። አዲስ የተሾሙ የመንግሥት ኃላፊ ሊጎበኙን የመጡት ያን ዕለት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ሰዓዳ አፏን ከፍታ ነበር። ሰዓዳ የፋጡማ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ የተኛች ልጅ «እማ፣ ራበኝ» አለች። በሽተኞቹን የሚያክመው ድሬሰር ሮጦ መጥቶ እንዲህ አለን፦ «ራበኝ ካለች ተመለሰች ማለት ነው። በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ትጠጣ። አንድ ሰዓት እንኳ ብታሳልፉባት አትመለስላችሁም።»

ሦስት ሰዓቷ ሊሞላ ሲል ኃላፊው ደረሱ። ስምንት ገጽ ወረቀት ይዘዋል።

«መጀመሪያ ንቃት፣ ከዚያ አጥሚት» አሉ። «ሕዝቡ ይሰብሰብ። ንግግሬ ሳያልቅ ማንም ምንም እንዳያድል።»

ሕዝቡ ተሰበሰበ። «ኢትዮጵያ ትቅደም!» አሉ ኃላፊው። ፋጡማ ልጇን እንዳቀፈች አጠገቤ ቆማ፣ ቀስ ብላ «ትቅደም፣ ምን ገዶኝ፤ ከኋላዋ ግን ሰዓዳዬ ትከተል» አለችኝ።

ኃላፊው የመጀመሪያውን ገጽ ሲያነቡ በርሜሉ መፍላት ጀመረ። ልጅቷን አየኋት፤ ዓይኗ እየተከደነ ነው። «አብሽሪ» አልኋት ፋጡማን፤ ምን እንደማደርግ ግን አላወቅሁም። ገጹን ሲገልጡ ጠብቄ ጭልፋውን ሞልቼ ቀረብሁ።

«አቤት ጓድ» አልሁ እጅ ነሥቼ። «ደንባችን ነው፤ ከሁሉ የበላይ የሆነ ሰው ሳይቀምስ ሕዝቡ አይጠጣም። ባሻ ባሉበት ጊዜ ባሻ ነበሩ። ዛሬ ግን ከእርስዎ በላይ ማን አለ?»

ማንም አለመኖሩን ለማየት ዞር ዞር አሉ። ደስ አላቸው። ጭልፋውን ተቀበሉ። አጥሚቱ ገና ከእሳት የወረደ ነው፤ ዓይናቸው በእንባ ሞላ። እንዳይተፉ ሕዝብ ያያል። ዋጡ።

ፊሽካዬን ነፋሁ።

አምስቱም ጭልፋዎች ተነሡ። ሰዉ በየረድፉ ተቀመጠ። ሰዓዳ እናቷ እፍ እያለች ያበረደችላትን የመጀመሪያዋን ጽዋ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።

ኃላፊው እንባቸውን ጠረጉ። «ማነው ያዘዘ?» አሉ በተቃጠለ ምላሳቸው እየተኮላተፉ።

«እርስዎ፣ ጓድ። ሲውጡ።»

ሳቁን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሳቅ ከዚያ አዳራሽ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ሰውየው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ይሄኔ ባሻ አቧራ ለብሰው በበሩ ገቡ።

«የዚህ ቤት ኃላፊ ማነው?» ብለው ጮኹ ጓድ።

«እኔ ነ...» ስል ባሻ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ። ደንቡም የእኔ፣ ፊሽካውም የእኔ ነው። እሷ ታዛዥ ናት።»

ባሻ እዚያው ከኃላፊነት ተነሡ።

ወጥ ቤት ስንገባ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ተቆጡኝ። «በርሜሉን ለአንድ ሳምንት ብቻሽን ታጥቢያለሽ!»

«ምን አጠፋሁ ባሻ?»

«ትኩስ ሰጠሻቸዋ! ሹም የሚቀምሰው በርዶ ነው። የባሕር ኃይልን ስም አጠፋሽ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሲስቁ ነው።

በማግሥቱ መጥረቢያ ተሸክመው መጡ። «እንጨት ፈላጭ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። መጠለያው እስኪዘጋ ድረስ ፈለጡ። በባሻ ቦታ ለተተካው አዲስ ኃላፊ ደንቡን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየው መጀመሪያ ሲቀምስ ባሻ ከፍልጡ መካከል ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት። ሲበሉ ግን እንደ ድሯቸው ከሁሉም ኋላ ነው።

ሰዓዳ ወደ ወግዲ የተመለሰችው በእግሯ ነው። ከግቢው ስትወጣ እናቷን ቀድማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤትም በሆስፒታልም የወጥ ቤት ሹም ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ። በየቤቱ ጭልፋ የያዛችሁ ልጆች ምን ተማርሽ ስትሉኝ የምነግራችሁ ይኼንኑ ነው። ሹም ከሰው ፊት ይቀምሳል፣ ከሰው ኋላ ይበላል፤ «ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» ይላል። አጥሚቱን ግን አብርዱት።